በቤት የሚዘጋጅ የስፖርተኛ ዱቄት፦ ከሐዋሳ ገበያ እስከ ወፍጮ ቤት

በሐዋሳ ከተማ በመምህርነት የምተዳደር ሰው ነኝ፤ ከሥራ በኋላ ማታ ማታ ጂም እሠራለሁ። በጂሙ ውስጥ ከወጣቶቹ አፍ የማይጠፋው ጥያቄ ስለ ክብደት አነሳስ ሳይሆን ስለ ፕሮቲን ዱቄት ዋጋ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባው ዕቃ ሁሉ ዋጋው ስለናረ፣ አንድ ጣሳ ፕሮቲን መግዛት ለደሞዝተኛም ሆነ ለተማሪ ከባድ ሆኗል። አንዳንዱ ልጅ ምሳውን እየዘለለ ለዱቄቱ መግዣ ያጠራቅማል። ይህን ሳይ ከልቤ አዝናለሁ፤ የዘለለው ምሳ እኮ ከአንድ ማንኪያ ዱቄት የማይተናነስ ፕሮቲን ነበረው።

ለስፖርት የሚያስፈልገኝን ተጨማሪ ምግብ በራሴ ቤት ማዘጋጀት ከጀመርኩ ዓመታት አልፈዋል። ስለ አዘገጃጀቱ የሚጠይቁኝ ሰዎች እየበዙ በመምጣታቸው የማውቀውን በዝርዝር ልጽፈው ወሰንኩ። አቋሜን አስቀድሜ ልናገር፦ ጣሳው ውስጥ ያለው አብዛኛው ነገር በቤት ሊተካ ይችላል፣ ጥቂቱ ግን አይተካም። የሚተካውንም ስንተካ ገንዘብ የምንቆጥበው ከማሸጊያው፣ ከማጓጓዣውና ከስሙ ላይ እንጂ ከእህሉ ጥራትና ከንጽሕናው ላይ መሆን የለበትም። በተለይ ይህን ሁለተኛውን ነገር ብዙ ሰው ችላ ሲለው ስለማይ፣ ከዚህ በታች ደጋግሜ እመለስበታለሁ።

መጀመሪያ ልኩን ማወቅ ያስፈልጋል። ስፖርት የማይሠራ ጤናማ አዋቂ በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ 0.8 ግራም ገደማ ፕሮቲን ይበቃዋል። ጡንቻ ለመገንባት ክብደት የሚያነሳ ሰው ግን የበለጠ ይፈልጋል፤ የስፖርት ሥነ ምግብ ባለሙያዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚመክሩት ከ1.4 እስከ 2 ግራም ሲሆን፣ 1.6 ግራም አካባቢ ከደረሰ በኋላ ቢጨምር የሚያገኘው ጥቅም እያነሰ ይሄዳል። ስለዚህ 70 ኪሎ የሚመዝን ወጣት በቀን 112 ግራም ያህል ቢያገኝ በቂው ነው ማለት ይቻላል።

አሁን ይህ ወጣት ያለ ምንም ዱቄት ምን ያህሉን እያገኘ እንደሆነ እንመልከት። ቁርሱን ሁለት እንቁላል በዳቦ ከበላ 20 ግራም ገደማ አግኝቷል። ምሳ ላይ አንድ እንጀራ በሽሮ ወይም በምስር ወጥ ከበላ ወደ 25 ግራም ይደርሳል፤ እራቱም ተመሳሳይ ቢሆን በድምሩ 70 ግራም ገደማ ይሆናል። የጎደለው 40 ግራም አካባቢ ነው። አንድ ማንኪያ የጣሳ ፕሮቲን፣ ማለትም 30 ግራም ዱቄት፣ በውስጡ ከ20 እስከ 25 ግራም ፕሮቲን ስለሚይዝ፣ ጉድለቱ በሁለት ማንኪያ የሚሞላ ነው። እኛ ቤት ውስጥ መሥራት ያለብንም ይህንኑ 40 ግራም እንጂ ከዚያ በላይ አይደለም። ስለ ራሳችሁ ይህን ስሌት በወረቀት ላይ ሳትሠሩ ወደ ገበያ አትሂዱ፤ ጉድለቱ 15 ግራም ብቻ የሆነበት ሰው አንድ ብርጭቆ ወተትና አንድ ተጨማሪ እንቁላል ጉዳዩን ይጨርሱለታል፣ ወፍጮ ቤት መመላለስም አያስፈልገውም።

ዋጋ ሲነጻጸርም መታየት ያለበት የኪሎው ዋጋ ሳይሆን የአንዱ ግራም ፕሮቲን ዋጋ ነው። 30 ማንኪያ የሚወጣው፣ በእያንዳንዱ ማንኪያ 24 ግራም ፕሮቲን ያለው ጣሳ በድምሩ 720 ግራም ፕሮቲን ይዟል። የጣሳውን ዋጋ ለ720 ማካፈል ነው። የሽምብራው ኪሎ ደግሞ 200 ግራም ገደማ ፕሮቲን ስላለው፣ የኪሎውን ዋጋ ለ200 ማካፈል ነው። የብር ቁጥር እዚህ ላይ አልጽፍም፤ ዛሬ የጻፍኩት ለከርሞ ስለማይሠራ ነው። እስካሁን ባሰላሁባቸው ጊዜያት ሁሉ ግን የሚቀላቀልበት ወተት ተጨምሮበት እንኳ የቤቱ ወጪ ከጣሳው ከግማሽ በታች ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ወደ ዱቄቱ ልግባ። ለአንድ ኪሎ ዱቄት የምጠቀመው ምጣኔ ይህ ነው፦ ግማሽ ኪሎ ሽምብራ፣ 200 ግራም አኩሪ አተር፣ 200 ግራም ገብስ እና 100 ግራም ኦቾሎኒ። ሽምብራ ከመቶው 20 ያህሉ ፕሮቲን ነው፤ አኩሪ አተር 36 ገደማ፣ ኦቾሎኒ 25፣ ገብስ ደግሞ 10 አካባቢ ነው። ሁሉም ሲደመር ከአንድ ኪሎ ዱቄት 215 ግራም ያህል ፕሮቲን ይገኛል። ገብስ ፕሮቲኑ አነስተኛ ሆኖ ሳለ ለምን እንደሚገባ ብዙዎች ይጠይቁኛል። ፕሮቲን የሚገነባው አሚኖ አሲድ ከሚባሉ ንጥረ ነገሮች ነው፤ ጥራጥሬ ከእነዚህ ውስጥ ሜታዮኒን የሚባለው ያንሰዋል፤ እህል ደግሞ ላይሲን ያንሰዋል፤ ሁለቱ ሲቀላቀሉ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል። እናቶቻችን ሽሮውን በእንጀራ ሲያቀርቡልን ይህንኑ እያደረጉልን ነው። በተጨማሪም ተቆልቶ የተፈጨ ገብስ ለዱቄቱ የበሶ ጣዕም ስለሚሰጠው ያለ ስኳር መጠጣት ይቻላል።

ሽምብራው ተለቅሞና ታጥቦ ለጥቂት ሰዓታት ይዘፈዘፋል፤ ውሃው ተደፍቶ በወንፊት ከተንጠፈጠፈ በኋላ በምጣድ ላይ መካከለኛ እሳት እየተደረገለት ይቆላል። እሳቱ ከበዛ ውጪው ያርና ውስጡ ጥሬ ይቀራል፤ ይህም ሆድ ይነፋል። መብሰሉን የማውቀው አንዷን ፍሬ በጥርሴ ስሰብራት ነው፦ ቀጭ ብላ ከተሰበረችና መሐሏ ወጥ የሆነ ወርቃማ መልክ ካላት ደርሳለች፤ መሐሏ ላይ እርጥበት ያዘለ ነጣ ያለ ነጥብ ካለ ግን ገና ናት። ከዚያም ከቀዘቀዘ በኋላ ተከክቶ ገለባው በሰፌድ ይበጠራል። ገብሱም ተቆልቶና ተሸክሽኮ ገለባው ይወጣለታል፤ ይህን በሶ የሚያዘጋጅ ቤት ሁሉ ስለሚያውቀው አላስረዝመውም።

አኩሪ አተር ግን የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል፣ ሰው ሁሉ የሚያጣድፈውም ይህንኑ ነው። በጥሬው አኩሪ አተር ውስጥ የፕሮቲን መፈጨትን የሚያግድ ንጥረ ነገር አለ፤ ትራይፕሲን የተባለውን የአንጀት ኢንዛይም ሥራ ያስተጓጉላል። ይህን ንጥረ ነገር የሚያመክነው በቂ ሙቀት ነው። ላይ ላዩን ብቻ ተቆልቶ የተፈጨ አኩሪ አተር የጠጣ ሰው ፕሮቲኑን በሚገባ አያገኘውም፣ ሆዱም ይታመማል። ስለዚህ ሌሊቱን ዘፍዝፌ አሳድረዋለሁ፤ ጠዋት የዘፈዘፍኩበትን ውሃ ደፍቼ በአዲስ ውሃ ለግማሽ ሰዓት እቀቅለዋለሁ፤ በእጅ እያሸሁ ልጣጩን አወጣለሁ፤ ከዚያም በንጹሕ ጨርቅ ላይ አሰጣዋለሁ። በበጋ የሐዋሳ ፀሐይ ፈጥና ታደርቀዋለች። በክረምት ግን ሳይደርቅ ሊሻግት ስለሚችል፣ በዝናብ ወራት አኩሪ አተሩን ትቼ የሽምብራውን መጠን ከፍ አደርጋለሁ። ፕሮቲኑ በጥቂቱ ይቀንሳል እንጂ ሌላ ጉዳት የለውም። በሚገባ የደረቀው አኩሪ አተር እንደገና ለአጭር ጊዜ ይቆላና ለወፍጮ ይዘጋጃል።

በሲዳማ ገበያዎች በብዛት የሚገኘውን ቦሎቄ ለምን አትጠቀምም የሚሉኝም አሉ። ቦሎቄ መልካም ምግብ ነው፤ ነገር ግን በጥሬውም ሆነ በደንብ ሳይበስል ሲበላ የሚያስመልስና የሚያስቀምጥ ሌክቲን የተባለ ንጥረ ነገር በብዛት አለው። በውሃ ውስጥ በደንብ ተንተክትኮ ካልበሰለ በቀር በመቁላት ብቻ ይወገዳል ብዬ አላምነውም። ስለዚህ ቦሎቄን ቀቅሎ በሰላጣ ወይም በወጥ መብላት እንጂ ወደ ዱቄት ማስገባት አያስፈልግም።

ኦቾሎኒን በተመለከተ፣ እኔ የምመርጠው የባቢሌውን ነው፤ ሆኖም ከየትም ይምጣ ከየት አንድ በአንድ መለቀም አለበት። በእርጥበት የተከማቸ ኦቾሎኒ ላይ የሚበቅለው ሻጋታ አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ ያመነጫል፤ መርዙ ጉበትን የሚጎዳና በጊዜ ብዛት ለጉበት ካንሰር የሚያጋልጥ ነው። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ በመቁላት ሙሉ በሙሉ የማይጠፋ መሆኑ ነው። የተጨማደደ፣ የጠቆረ፣ አረንጓዴ ወይም ግራጫ ነገር የታየበት፣ ሲቀምሱት የሚመር ፍሬ ሁሉ ይጣል። በዱቄት መልክ ወይም ተፈጭቶ በማሰሮ የተሸጠ ኦቾሎኒ ግን መልቀም ስለማይቻል አልገዛም። ዘይት ስላለው ወፍጮ ቤት አይወሰድም፤ ቤት ውስጥ በሙቀጫ ተወቅጦ በሌላ ዕቃ ይቀመጥና ሲጠጣ ብቻ ይጨመራል። አብሮ ከተፈጨ ዱቄቱ ቶሎ የመጎምዘዝ ጠባይ ያመጣል።

አሁን ከሁሉ በላይ ልብ እንድትሉልኝ ወደምፈልገው ነገር ደርሻለሁ፤ እርሱም ጓያ ነው። ጓያ ርካሽ ነው፣ ፕሮቲኑም ከሽምብራ ይበልጣል፤ ለዚህም ነው ገንዘብ ለመቆጠብ የሚያስብ ሰው ዓይኑ የሚያርፍበት። ይሁን እንጂ ጓያ ነርቭን የሚጎዳ መርዝ አለው፤ ለተከታታይ ወራት ዋና ምግባቸው ያደረጉት ሰዎች እግራቸው ሸምድምዶ ቀርቷል፣ ይህም በሕክምና የማይመለስ ነው። በአገራችን በድርቅና በችግር ዘመን ብዙ ወጣት በዚህ ምክንያት ምርኩዝ ይዞ ቀርቷል። ዘፍዝፎ ውሃውን መድፋት መርዙን ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም። አልፎ አልፎ በሽሮ ውስጥ የሚቀመስ ጥቂት ጓያና በየቀኑ ሁለት ጊዜ፣ ለወራት የሚጠጣ ዱቄት ፈጽሞ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ስፖርተኛ ደግሞ ዱቄቱን የሚጠጣው በየቀኑና ለወራት ነው።

በዚህ ምክንያት የተፈጨ ነገር ከገበያ አልገዛም፤ ከተፈጨ በኋላ ጓያውን ከሽምብራው መለየት አይቻልምና። በፍሬነቱ ግን ይለያል፦ ሽምብራ ድብልብል ብሎ ጫፉ እንደ ምንቃር የሾለ ነው፤ ጓያ ግን ጠፍጣፋና ማዕዘናም ሆኖ መልኩ ወደ ግራጫ ያደላል። እህል የምገዛቸው እናት ጠባዬን ስለለመዱት አሁን ሳልጠይቃቸው ከጆንያው አንድ እፍኝ ዘግነው ሰፌዱ ላይ ያፈሱልኛል። መጀመሪያ ሰሞን «እማማ፣ ጓያ የለበትም?» ስላቸው «ኧረ የኔ ልጅ፣ ዓይንህ እያየ! ራስህ ልቀመውና እመን» ብለው ሰፌዱን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት። ያን ጊዜ ከሽምብራው መሐል ሦስት የጓያ ፍሬ አውጥተን ነበር፤ እርሳቸውም ሳይቀየሙ «እርሻው ላይ አብሮ ይበቅላል፣ ምን ይደረግ» አሉኝ። እንዲህ ለሚያስለቅም ነጋዴ ጥቂት ብር ጨምሮ መክፈል ከጥቅም እንጂ ከኪሳራ የሚቆጠር አይደለም።

ወፍጮ ቤት ስትሄዱ ከእናንተ በፊት ምን እንደተፈጨ ጠይቁ። በርበሬ ከተፈጨበት ወፍጮ የወጣ ዱቄት በወተት ሊጠጣ አይችልም። እኔ ጋ ያለው ፈጪ ልጅ ገና ከሩቅ ሲያየኝ «ቲቸር፣ ትንሽ ይቆዩ፣ በርበሬ ላይ ነን» ይለኛል፤ ስለዚህ ገብስ ወይም ስንዴ ያመጣ ሰው እስኪያስፈጭ ጠብቄ ከእርሱ ቀጥሎ እገባለሁ። እንዲያም ሆኖ የመጀመሪያውን እፍኝ ዱቄት ለብቻው ተቀብዬ ለወጥ አደርገዋለሁ። ዱቄቱ የላመ መሆን አለበት፤ ሸካራ ከሆነ በብርጭቆው ግርጌ ይዘቅጣል። ከወፍጮ ሲወጣ ስለሚሞቅ ወዲያው ክዳን አይደረግበትም፤ በንጹሕ ትሪ ላይ ተዘርግቶ ከቀዘቀዘ በኋላ በወንፊት ይነፋና በደረቅ የብርጭቆ ወይም የፕላስቲክ ዕቃ ይታሸጋል። ማንኪያው ምንጊዜም ደረቅ ይሁን። ከአንድ ወር በላይ የሚቆይ መጠን አላዘጋጅም፤ ሽታው ከተለወጠ ወይም ከተጓጎለ ያለ ምንም ቅሬታ መጣል ነው።

አጠጣጡ ቀላል ነው። 50 ግራም ዱቄት፣ ማለትም አምስት የሾርባ ማንኪያ ገደማ፣ 11 ግራም ፕሮቲን አለው፤ 300 ሚሊ ሊትር ወተት ደግሞ 10 ግራም ይጨምራል፤ በድምሩ 21 ግራም ሆነ ማለት ነው፤ ከአንድ የጣሳ ማንኪያ ጋር እኩል ነው። በሁለቱ መካከል ግን ሊታወቅ የሚገባ ልዩነት አለ። የጣሳው አንድ ማንኪያ 120 ካሎሪ ገደማ ሲኖረው የእኛው ብርጭቆ ወደ 390 ይጠጋል። ለቀጭንና ክብደት መጨመር ለሚፈልግ ሰው ይህ በረከት ነው፤ ሙዝም ቢጨምርበት መልካም ነው። ቦርጩን ለመቀነስ የሚሠራ ሰው ግን በየቀኑ ሁለት ብርጭቆ በምግቡ ላይ ከደረበ ውጥኑ ይበላሽበታል። ለእርሱ የሚሻለውን ቀጥዬ እናገራለሁ። ሆዳችሁም እስኪለምደው በግማሽ ብርጭቆ ጀምሩ፤ ጥራጥሬ ለማያዘወትር ሆድ ነፋት መኖሩ አይቀርም። ስለ ሰዓቱ ደግሞ ብዙ አትጨነቁ፤ ከስፖርት በኋላ በደቂቃዎች ውስጥ ካልተጠጣ ከንቱ ነው የሚባለው የተጋነነ ነው። ዋናው የቀኑ ድምር ነው፤ በየምግቡ ተከፋፍሎ ሲወሰድ ደግሞ የተሻለ ነው።

ክብደት ለሚቀንስ ሰው አይብ ከሁሉ ይበልጣል። አይብ የሚወጣው ቅቤው ከተናጠ በኋላ ከሚቀረው አሬራ በመሆኑ ስቡ አነስተኛ ነው፤ ከ100 ግራም አይብ 14 ግራም ገደማ ፕሮቲን ይገኛል። እርጎን በንጹሕ ነጠላ ጨርቅ ቋጥሮ በማቀዝቀዣ ውስጥ ለጥቂት ሰዓታት ማንጠልጠልም ሌላው መንገድ ነው፤ ውሃው ሲወርድ የቀረው ወፍራም እርጎ ፕሮቲኑ ከመጀመሪያው እጥፍ ያህል ይሆናል። በሁለቱም ወተቱ መጀመሪያ የተፈላ መሆን አለበት፤ ከጥሬ ወተት ብሩሴሎሲስ የተባለው የከብት በሽታና የሳንባ ነቀርሳ ይተላለፋሉ።

አጓት በመጠጣት የጣሳውን ፕሮቲን ለማግኘት የሚጥሩ ወጣቶችም አጋጥመውኛል። መነሻቸው ትክክል ነው፤ በጣሳ የሚሸጠው ዌይ ፕሮቲን የሚሠራው አይብ ሲወጣ ከሚቀረው ከዚሁ ፈሳሽ ነው። ነገር ግን ፋብሪካው በልዩ ማጣሪያ ውሃውንና የወተት ስኳሩን አውጥቶ ፕሮቲኑን ብቻ ያስቀራል። ቤት ውስጥ ይህ አይቻልም። በአንድ ሊትር አጓት ውስጥ ያለው ፕሮቲን ከ10 ግራም አይበልጥም፤ አጓቱን ጠጥቶ አይቡን ለሌላ ሰው የሚተው ስፖርተኛ የሚሻለውን ነው የተወው። አጓቱን ለመጣል ካዘናችሁ ዱቄቱን በእርሱ በጥብጡት።

የሐዋሳ ሰው ደግሞ ዓሣን ሊረሳ አይገባም። ቆሮሶም ሆነ አምባዛ በ100 ግራም ጥሬ ሥጋው ከ16 እስከ 20 ግራም ፕሮቲን አለው፤ አንድ መካከለኛ ፊሌቶ ከአንድ የጣሳ ማንኪያ ይበልጣል። ሐይቁ ዳር ካለው የዓሣ ገበያ፣ ከአሞራ ገደል፣ በማለዳ ለደረሰ ሰው ጀልባዎቹ ሲገቡ ትኩሱን መርጦ መግዛት ይቻላል። ዓይኑ ጥርት ያለ፣ ስንጥቡ ደማቅ ቀይ የሆነ፣ ሥጋው በጣት ሲጫኑት ተመልሶ የሚሞላ ዓሣ ነው የሚገዛው። እዚያው ጥሬውን በአዋዜ መብላት የተለመደ ነው፤ ልማዱን ብወደውም ለስፖርት ሲባል ጥሬ መብላት የሚያስገኘው ትርፍ እንደሌለ መናገር ግዴታዬ ነው። ሲበስል ፕሮቲኑ አይጠፋም፤ ጥገኛ ትሎችና ጀርሞች ግን ይሞታሉ። ስለ እንቁላልም ያው ነው። ጥሬ እንቁላል በብርጭቆ ሰብሮ መጠጣት ጀግንነት ተደርጎ ይታያል፤ ሰውነት ከበሰለ እንቁላል ከ90 በመቶ በላይ የሆነውን ፕሮቲን ሲወስድ ከጥሬው የሚወስደው ግን ወደ ግማሽ ገደማውን ብቻ ነው፤ ሳልሞኔላ የተባለው ባክቴሪያ ደግሞ ሌላ አደጋ ነው። ቀቅሉት።

በጾም ወራት ጉዳዩ ይከብዳል። ለምእመን የተደነገጉት የጾም ቀናት ከዓመቱ ግማሽ ያህል ስለሚሆኑ፣ የጾም ጊዜ ዕቅድ የሌለው ኦርቶዶክስ ስፖርተኛ የዓመቱን እኩሌታ ያለ በቂ ፕሮቲን ያሳልፋል። ዓሣ ይበላል ወይስ አይበላም የሚለውን ለንስሐ አባታችሁ ትቼዋለሁ። እኔ በጾም ዱቄቱን የምበጠብጠው ቤት ውስጥ በሚሠራ የአኩሪ አተር ወተት ነው፦ የተዘፈዘፈውና የተላጠው አኩሪ አተር በብሌንደር ከብዙ ውሃ ጋር ይፈጫል፣ በጨርቅ ይጠለላል፣ ከዚያም ይፈላል። እዚህ ላይ አንድ የሚያታልል ነገር አለ። ወተቱ ገና ሳይፈላ አረፋው ገንፍሎ ስለሚወጣ ሰው የፈላ መስሎት ያወርደዋል። እሳቱን ቀንሶ እያማሰሉ፣ አረፋው ከተቀመጠ በኋላ ቢያንስ ለ10 ደቂቃ መንተክተክ አለበት። በእኛ አገር የሱፍና የተልባ ውሃም አለ፤ መልካም ስብ ይሰጣሉ እንጂ የፕሮቲን ምንጭ አድርጎ መቁጠር አይገባም።

ከፕሮቲን ውጪ ስላሉት ነገሮች ባጭሩ ልናገር። ከስፖርት በፊት የሚወሰደው በቀለማት ያሸበረቀ ዱቄት ውስጥ ዋናው የሚሠራው ንጥረ ነገር ካፌይን ነው፤ ካፌይኑ ደግሞ የሲዳማ ቡና ውስጥ አለ። የሚጠቅመው መጠን ለኪሎ ክብደት ከ3 ሚሊ ግራም ጀምሮ ነው። አረቢካ ቡና ከመቶ 1.2 ያህሉ ካፌይን ስለሆነ፣ 10 ግራም የተፈጨ ቡና ቢበዛ 120 ሚሊ ግራም ይሰጣል። ከስፖርቱ አንድ ሰዓት ቀደም ብሎ መጠጣት ይበቃል። ከጠጡት ካፌይን ግማሹ ከአምስት ሰዓት ገደማ በኋላም በሰውነት ውስጥ ስለሚቆይ፣ እንደ እኔ ማታ የሚሠራ ሰው ግን ቢተወው ይሻለዋል፤ እንቅልፍ ያጣ ጡንቻ አያድግም። የደም ግፊትና የልብ ሕመም ያለበት ሰውም ሐኪሙን ሳይጠይቅ አይሞክረው።

ለላብ መተኪያ የሚሸጠው መጠጥም በቤት ይዘጋጃል። አፍልተን ባቀዘቀዝነው አንድ ሊትር ውሃ ውስጥ 60 ግራም ስኳር ወይም 75 ግራም ማር፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ ጨውና የግማሽ ሎሚ ጭማቂ ይጨመራል። ጨው በእጅ ቆንጥሮ አይገመትም፣ በማንኪያ ተለክቶ በቢላ ይስተካከላል። ይህ የሚያስፈልገው ከአንድ ሰዓት በላይ ለሚሮጥ፣ በቀትር ኳስ ለሚጫወት ወይም የታቦርን ተራራ ደጋግሞ ለሚወጣና ለሚወርድ ሰው ነው። ለ45 ደቂቃ ክብደት ላነሳ ሰው ንጹሕ ውሃ በቂው ነው። ከመድኃኒት ቤት የሚገዛውን ለምለም ለዚህ የሚጠቀሙ አሉ፤ ለምለም ግን የተቀመመው ለተቅማጥ ስለሆነ ጨው ይበዛዋል፣ ስኳሩም ለሯጭ ጉልበት የሚበቃ አይደለም።

የማይተካው ነገር ክሬያቲን የተባለው፣ ጡንቻ ጉልበት እንዲያወጣ የሚረዳው ንጥረ ነገር ነው። በአንድ ኪሎ ጥሬ የበሬ ሥጋ ውስጥ የሚገኘው ከ4 እስከ 5 ግራም ሲሆን ሲበስል ደግሞ ይቀንሳል፤ የሚመከረው ዕለታዊ መጠን ከ3 እስከ 5 ግራም ነው። በየቀኑ ኪሎ ሥጋ የሚበላ ማነው? ስለዚህ በዚህ ጉዳይ ላይ በቤት ውስጥ ለመተካት መድከም ከንቱ ነው። ገንዘብ ያለው ሰው ጣዕምና ቀለም ያልተጨመረበትን ክሬያቲን ሞኖሃይድሬት ይግዛ፤ የሚወሰደው ትንሽ ስለሆነ የአንድ ቀን ወጪው ከፕሮቲኑ በእጅጉ ያነሰ ነው። የሚሠራውም በኬሚካል ቅንብር እንጂ ከእንስሳ ስላልሆነ ለጾመኛ አያስቸግርም፤ በካፕሱል የተሞላው ግን ሽፋኑ ከእንስሳ የተሠራ ሊሆን ስለሚችል ዱቄቱ ይመረጣል። እንዲያውም ሥጋ የማይበሉ ሰዎች በጡንቻቸው ውስጥ ያለው ክሬያቲን አነስተኛ ስለሆነ ለውጡ በእነርሱ ላይ ጎልቶ ይታያል። ገንዘብ የሌለው ደግሞ ምንም አልጎደለበትም፤ ያለ ክሬያቲን ጡንቻ ይገነባል። ስብ ያቀልጣሉ፣ ወንድነት ይጨምራሉ ተብለው ስለሚሸጡት ክኒኖች ግን አስተያየቴ አጭር ነው፦ አትግዟቸው፣ በቤትም ልትሠሯቸው አትሞክሩ።

የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው የፕሮቲኑን መጠን ከፍ ከማድረጉ በፊት ሐኪም ማማከር አለበት፤ ስኳር ወይም የደም ግፊት ያለበትም ኩላሊቱን አስመርምሮ ቢጀምር ይበጀዋል። ኦቾሎኒ ወይም አኩሪ አተር የሚያስቆጣው ሰው እነርሱን አውጥቶ በሽምብራና በአጃ ይተካቸው። ስትጀምሩ ክብደታችሁን ጠዋት ምንም ሳትበሉ መዝኑና ጻፉት፤ በየሁለት ሳምንቱም በተመሳሳይ ሁኔታ መዝኑ። ክብደቱ በፍጥነት ከጨመረና ወገባችሁ ከሰፋ፣ ከሁለቱ ብርጭቆ አንዱን በአይብ ወይም በሁለት የተቀቀለ እንቁላል ተኩት። ክብደታችሁም ጉልበታችሁም ባሉበት ከቆሙ ደግሞ ዱቄቱን ከመጨመራችሁ በፊት ምሳችሁን በሚገባ እየበላችሁ መሆኑን ተመልከቱ።